ልስን ከመሸፈኑ በፊት፦ የሕፃናት ማቆያ የሚሠራ ተቋራጭ ስለመምረጥ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2016 ማለዳ፣ ስኮትላንድ በከባድ ነፋስ ስትናጥ፣ በኤደንብራ ከተማ የኦክስጋንግስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ግድግዳ ተገንድሶ ወደቀ። ወደ 9 ቶን የሚጠጋ ጡብ ነው መሬት ላይ የተከመረው። ልጆቹ ገና ከየቤታቸው አልወጡም ነበርና የተጎዳ ሰው አልነበረም። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በዚያው የግንባታ ውል የተሠሩ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሲመረመሩ ተመሳሳይ ጉድለት ተገኘባቸው። በኤፕሪል ወር 17 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከ7 ሺ በላይ ተማሪዎች ትምህርታቸው ተስተጓጎለ። ሁሉም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ፣ ገና አዲስ የሚባሉ ሕንፃዎች ነበሩ።

የወደቀው ግድግዳ ድርብ ነበር፤ ውስጡ ብሎኬት፣ ውጭው ጡብ፣ መካከሉ ክፍት። ሁለቱን የሚያያይዟቸው በየተወሰነ ርቀት በሲሚንቶው ውስጥ የሚቀበሩ ቀጫጭን የብረት ማሰሪያዎች ናቸው። እዚህ ግድግዳ ላይ ማሰሪያዎቹ በውጭው ጡብ ውስጥ የሚገባቸውን ያህል ጠልቀው አልተቀበሩም። ጉድለቱ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ግንበኛው ቀጣዩን ረድፍ ጡብ ሲደረድርበት ደግሞ ከዓይን ተሰወረ፤ ነፋሱ እስኪገልጠው ድረስም ማንም አላወቀም። በፕሮፌሰር ጆን ኮል የተመራው ገለልተኛ ምርመራ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 ውጤቱን ሲያወጣ ጥፋቱን በነፋሱ አላሳበበም። ግድግዳው በአግባቡ አልተሠራም ነበር፤ ሲሠራም ከባለቤቱ ወገን ሆኖ በቅርብ የሚመለከት ተቆጣጣሪ አልነበረም። የጥራት ቁጥጥሩ በአመዛኙ ለሠሪዎቹ ለራሳቸው የተተወ ነበር።

ተቋራጭ መምረጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የጨረታ ሳጥን፣ የታሸገ ኤንቨሎፕና የዋጋ ሰንጠረዥ ነው። ለሕፃናት ማቆያ ግን ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ አለ። አፈር፣ አርማታ፣ ልስንና ቀለም የሚሸፍኑትን ሥራ ሳይሸፈን የሚያየው ማነው? ባለቤቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያዘጋጅ ወደ ጨረታ ከወጣ የቱንም ተቋራጭ ቢመርጥ በዕድል ነው የሚሠራው። የዚህ ንግግር አቋም ግልጽ ነው፤ ተቆጣጣሪው ከተቋራጩ በፊት ይቀጠር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ካሊፎርኒያ ከ90 ዓመት በፊት ሕግ አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1933 አመሻሽ ላይ፣ 12 ሰዓት ሊሞላ 6 ደቂቃ ሲቀረው፣ የሎንግ ቢች ከተማና አካባቢዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። 70 ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፤ ሌሎች 120 ክፉኛ ተጎዱ። ልጆች በክፍል ውስጥ አልነበሩም። ፍርስራሹን ያዩ ወላጆች ግን መንቀጥቀጡ ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ ቢመጣ ምን ይሆን እንደነበር ለመገመት አልተቸገሩም። ልክ በወሩ፣ ኤፕሪል 10፣ የፊልድ ሕግ በሚል ስም የሚታወቀው ሕግ ወጣ። ሕጉ የሕዝብ ትምህርት ቤት ንድፍ በክፍለ ግዛቱ ባለሙያዎች እንዲመረመር ያዛል። ከዚህም አልፎ ግንባታውን ከመሠረት ጀምሮ የሚከታተል፣ ብቃቱ የተረጋገጠ፣ ክፍያውንም ከተቋራጩ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር የሚቀበል ተቆጣጣሪ እንዲኖር ያስገድዳል። ካሊፎርኒያ ከዚያ ወዲህ በብዙ ከባድ መንቀጥቀጦች ተመትታለች፤ በዚህ ሕግ መሠረት የተሠራ ትምህርት ቤት ግን ተደርምሶ ልጅ አልገደለም።

በቻይና ሲቿን ሰዓቱ አልራራም። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2008 ከሰዓት በኋላ ምድር ስትናወጥ ልጆች ክፍል ውስጥ ነበሩ። መንግሥት በይፋ ባስታወቀው ቁጥር 5,335 ተማሪዎች ሞቱ ወይም የደረሱበት ጠፋ። ወላጆችን ከሐዘኑ በላይ ያቃጠላቸው በአንዳንድ ቦታ ትምህርት ቤቱ ፈርሶ አጠገቡ ያሉት ሕንፃዎች ቆመው መቅረታቸው ነበር።

ኢትዮጵያ ከዚህ ሥጋት ውጭ አይደለችም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነዋሪውን ከፎቅ አስወርዷል። የማቆያ ፍላጎትም በየጊዜው እየጨመረ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የ3 ወር ሕፃን አንድ ቦታ መዋል አለበት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ፋብሪካዎች፣ የሃይማኖት ተቋማት፣ ማኅበራትና ግለሰቦችም ማቆያ እየከፈቱ ነው። አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስገነቡት። ተቋራጩ ግን በየዓመቱ ይጫረታል፣ በየዓመቱ ውል ይፈርማል። ሁለቱ ወገኖች ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ እውቀታቸው እኩል አይደለም፤ ይህን ክፍተት የሚሞላው ከባለቤቱ ጎን የሚቆም አማካሪ መሐንዲስ ነው።

አማካሪው ከተቀጠረ በኋላም ወደ ጨረታ መሮጥ የለም። መጀመሪያ በሕንፃው የሚውሉበት ሰዎች ይናገሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ኦሪገን፣ ፖርትላንድ፣ የካይዘር የመርከብ ግንባታ ኩባንያ ለሠራተኛ እናቶች ያሠራቸው ሁለት ማቆያዎች እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ ተከፈቱ። ሎይስ ሚክ ስቶልዝ የተባሉት የሕፃናት እድገት ባለሙያ በኃላፊነት ሲመሯቸው ጄምስ ሃይምስ በቦታው ሆነው ያስተዳድሩ ነበር። ሕንፃዎቹ የተሠሩት የመጫወቻ ግቢን መሐል አድርገው ዙሪያውን በከበቡ ክፍሎች ነው። መስኮቶቹ ዝቅ ያሉ ነበሩ፤ ልጆች እናቶቻቸው የሚሠሩበትን የመርከብ ቦታ ማየት ይችሉ ነበር። የሕፃናቱ መታጠቢያ ገንዳ ደግሞ ከፍ ተደርጎ ነበር የተሠራው፤ ሞግዚቷ ቀኑን ሙሉ ስታጎነብስ ወገቧ እንዳይሰበር። እንዲህ ያለ ነገር ከቢሮ አይወጣም። ሕፃን ያጠበ ሰው ነው የሚያውቀው።

ሞግዚቶች የተናገሩት ሁሉ በሥዕሉና ቢኦኪው በሚባለው የሥራ ዝርዝርና መጠን ሰነድ ውስጥ ካልገባ ግን ወሬ ሆኖ ይቀራል። ተቋራጭ የሚሠራው የተጻፈውን ነው፤ ያልተጻፈውን ሥራ ቢባል ተጨማሪ ክፍያ መጠየቁ መብቱ ነው። «የደረጃ መደገፊያ ብረት» ብሎ ያለፈ ሰነድ ምንም አላለም። በብዙ አገሮች የግንባታ ደንብ በመደገፊያው ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ያዛል፤ የልጅ ጭንቅላት እንዳያልፍበት ነው። ብረቶቹም የተጋደሙ ሳይሆኑ የቆሙ ቢሆኑ ይሻላል፤ የተጋደመ ብረት ለሁለት ዓመት ልጅ መሰላል ነው። የሶኬቱ ከፍታና መከለያ፣ የበሩ ማጠፊያ ጣት እንዳይቆርጥ የሚደረግለት መሸፈኛ፣ የሙቅ ውኃው የሙቀት ልክ፣ ከወለል አጠገብ ያለው መስተዋት ሲሰበር የማይቆራርጥ ዓይነት መሆኑ፣ ሁሉም በቁጥርና በመለኪያ መጻፍ አለበት። ይህ ሲሆን ተጫራቾቹ ሁሉ ለአንድ ዓይነት ሥራ ዋጋ ይሰጣሉ። ሳይሆን ሲቀር አንዱ ለጥሩ፣ ሌላው ለርካሽ ዕቃ ይጫረቱና ኮሚቴው ሁለት የተለያዩ ሕንፃዎችን እንደ አንድ ያወዳድራል።

ወደ ተጫራቾቹ እንምጣ። የታደሰ የንግድና የሙያ ፈቃድ፣ ደረጃው ለሥራው የሚፈቅድ መሆኑ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ቀደም ብሎ የሠራቸው ሥራዎች ማስረጃ፣ እነዚህ በወረቀት ይጣራሉ፤ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ወረቀቱ የማይናገረው ነገር ይበልጣል። በግንባታው ዘርፍ ፈቃድ ማከራየት የሚባል የታወቀ ችግር አለ፤ በጨረታ ሰነዱ ላይ ያለው ስም አንድ፣ ሳይት ላይ የሚገኘው ሰው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ኮሚቴው ውል ከመፈረሙ በፊት ሥራውን በየዕለቱ የሚመራው መሐንዲስና ፎርማን ማን እንደሆኑ በስም አስጽፎ በአካል ሊያነጋግራቸው፣ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይቀየሩም በውሉ ሊያስገባ ይገባል።

የቀድሞ ሥራ ሲጎበኝ ደግሞ ትናንት የተመረቀው ሕንፃ አያስተምርም። አዲስ ቀለም ሁሉን ያሳምራል። ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈበት ሕንፃ ይታይ፤ ጥበቃውና ጽዳት ሠራተኛዋ ይጠየቁ። ጣሪያው ያፈሳል? የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ይመለሳል? ሴራሚኩ ተነሥቷል? ተቋራጩ ሲጠራ መጥቶ ያስተካክላል? እነዚህን ከሚያውቁት ሁሉ የበለጠ የሚያውቀው የሕንፃው ጥበቃ ነው። በመሥራት ላይ ያለ ሳይቱም ይታይ። ሲሚንቶው ከመሬት ከፍ ብሎ ዝናብ በማይነካው ቦታ ተደርድሯል ወይስ እርጥብ ወለል ላይ ተጥሏል? ሠራተኞቹ የራስ ቁር አድርገዋል? ደመወዛቸውን በጊዜው ያገኛሉ? ለሠራተኛውና ለዕቃ አቅራቢው በጊዜው የማይከፍል ተቋራጭ ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቀንሰው ከማይታየው ሥራ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ትልቁ ወጥመድ ከሁሉ ያነሰው ዋጋ ነው። የመሐንዲሱ ግምት 20 ሚሊዮን ብር ሆኖ ሁለት ተጫራቾች 19 ሚሊዮን አካባቢ ሲያቀርቡ ሦስተኛው 13 ሚሊዮን ቢያቀርብ ኮሚቴው ደስ ሊለው አይገባም፤ ሊደነግጥ ይገባል። የዓለም ባንክ የግዥ ሥርዓት እንዲህ ያለ ከመጠን በላይ ዝቅተኛ ዋጋ ሲቀርብ ተጫራቹ እንዴት እንደሚሠራበት በዝርዝር እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ ካላሳመነም የመጫረቻ ሐሳቡ ውድቅ ሊደረግ ይችላል። የግል ባለቤትም ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ ስሌቱ ሩቅ አይደለም። ሲ 25 በሚባለው የኮንክሪት ደረጃ ለአንድ ሜትር ኪዩብ የሚገባው ሲሚንቶ ብዙ ጊዜ 360 ኪሎ ያህል ነው፤ 3 ኩንታል ከ60 ኪሎ ማለት ነው። የዕለቱን የኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ በ3.6 አባዝቶ ተጫራቹ ለአንድ ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ከሞላው ዋጋ ጋር ማስተያየት ነው። ሲሚንቶው ብቻውን ዋጋውን ሊጨርሰው ከተቃረበ አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ካሳፎርማው፣ የሠራተኛው ጉልበትና ትርፉ ከየት ይመጣሉ? መልሱ አንድ ነው። ሲሚንቶው አይገባም።

በተቃራኒው ጠቅላላ ዋጋው ጤናማ ሆኖ ውስጡ የተዛባ ሰነድም አለ። ለቁፋሮና ለመሠረት ከገበያው በላይ፣ ለበርና መስኮት፣ ለቀለምና ለግቢው ሥራ ከገበያው በታች ይሞላል። ተቋራጩ መጀመሪያ ላይ ብዙ ይቀበላል። የቀረው ሥራ ኪሳራ ሲሆንበት ደግሞ ይጎተታል፣ አለዚያም ጥሎ ይሄዳል። ማቆያ የሚባለውን ነገር ማቆያ የሚያደርገው፣ አጥሩ፣ ትንንሹ መጸዳጃ፣ የመጫወቻው መሬት፣ ሁሉም በሥራው መጨረሻ ላይ የሚመጡ ናቸውና የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው።

ዋስትና ላይ የመንግሥት የግዥ ሥርዓት ለዓመታት የሠራባቸውን ልኮች የግል ባለቤትም ሊዋሳቸው ይችላል። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናው ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ30 በመቶ የማይበልጥ፣ እሱም በዚያው መጠን በዋስትና የተያዘ። ብዙ ግለሰቦች የመጀመሪያውን ትተው ሁለተኛውን ብቻ ይዋሳሉ፤ 30 በመቶ ከፍለው በእጃቸው አንድ ወረቀት የለም። የዋስትናውም ቃል መነበብ አለበት። አንዱ ዓይነት ባለቤቱ ሲጠይቅ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚከፈል ነው። ሌላው ተቋራጩ ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ የሚያስጠብቅ ነው። ሕንፃው ተጋምሶ ቆሞ ለቀረበት ሰው ልዩነቱ የዓመታት ነው።

በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ብዙ አነስተኛ ማቆያዎች የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው፤ ባለቤቱ ዕቃ ይገዛል፣ ሠሪው በካሬ ሜትር የእጅ ዋጋ ይዋዋላል። ወጪ ይቆጥባል ተብሎ ነው። አደጋው ኃላፊነቱ መሰንጠቁ ነው። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሠሪው አሸዋው ጭቃ ነበረበት ይላል፣ ባለቤቱ አሠራርህ ነው ይላል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፤ የሚመጣውን ዕቃ መቀበልና መመለስም የመሐንዲሱ ሥልጣን መሆን አለበት።

አንድ የኢትዮጵያ ሕግ በውል ሰዓት ብዙ ጊዜ ይረሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። በአሠራር ጉድለትም ሆነ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ቢጻፍም አይጸናም። ታዲያ ባለቤቱ መብቱን ማስከበር የሚችለው ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ የሚያሳይ ሰነድ ሲኖረው ነው። በቃል ስምምነትና በደረሰኝ አልባ ክፍያ ቤት ያሠራ ሰው ይህን አንቀጽ መጥራት ይቸግረዋል።

ሥራው ሲጀመር ተቆጣጣሪው ምን ያያል? ኮለን፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶ፣ የሚሞላበትን ቀን እንመልከት። ፌራዮው ፌሮውን፣ ማለትም የኮለኑን ብረት፣ አስሮ ጨርሷል፣ አናጢው ካሳፎርማውን ሊዘጋ ነው። ተቆጣጣሪው የሚፈለግበት ሰዓት ይሄ ነው፤ ካሳፎርማው ከተዘጋ በኋላ መምጣቱ ምንም አይጠቅምም። የፌሮዎቹን ውፍረትና ብዛት ከሥዕሉ ጋር ያስተያያል፤ ፌሮዎቹን በሚያቅፉት ስታፋዎች መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ይለካል፤ በተለይ ከታችና ከላይ፣ ኮለኑ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስታፋው መጠጋቱን ያያል፤ መንቀጥቀጥ ኮለንን የሚሰብረው እዚያ ነው። ፌሮው ከካሳፎርማው እንዳይጣበቅ ማራቂያ መደረጉን ያረጋግጣል። ከዚያ ሚክሰሩ አጠገብ ይቆማል። አሸዋና ጠጠሩ በሳጥን ተለክተው ነው የሚገቡት ወይስ በአካፋ ግምት? ዋናው ፈተና ግን ውኃው ነው። ኮንክሪቱ ወፍራም ሲሆን ለመጠቅጠቅ ያስቸግራል፤ ሠራተኛው ይደክመዋል፤ አንድ ባልዲ ውኃ ሲጨመርበት እንደ ልብ ይፈሳል። ያ ባልዲ ውኃ ጥንካሬውን ይዞ ይሄዳል። ለላቦራቶሪ የሚወሰደው ናሙና ውኃው ከመጨመሩ በፊት ከተወሰደ ደግሞ በ28ኛው ቀን የሚመጣው ውጤት ያማረ ይሆናል፤ ኮለኑ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ናሙናው ወደ ካሳፎርማው ከሚገባው ኮንክሪት ላይ፣ ተቆጣጣሪው እያየ ይወሰዳል፤ ቀኑና የኮለኑ ቁጥርም ይጻፍበታል። ተቋራጭ ሲመረጥ «ናሙና እኛ ባልነው ሰዓት እንወስዳለን» ሲባል የሚከፋውና የማይከፋው ሰው ይለያሉ። ጎበዝ ተቋራጭ ይህን አይጠላም፤ ሥራውን የሚመሰክርለት ወረቀት ነው።

ቀለም ትንሽ ነገር ይመስላል። ለማቆያ ግን እንደ ኮለኑ ሊታሰብበት ይገባል። ሕፃን ግድግዳ ይዳስሳል፣ የተላጠ ቀለም ያነሣል፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ይከታል። እርሳስ ያለበት ቀለም የአእምሮ እድገትን ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ደኅና የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ ያወጡት ጥናት በዓለም ከሦስት ልጆች የአንዱ ደም ውስጥ አሳሳቢ መጠን ያለው እርሳስ እንዳለ ገምቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። እንግዲህ በሥራ ዝርዝሩ ላይ «ጥሩ ጥራት ያለው ቀለም» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ደንቡ በቁጥሩ ይጠቀስ፣ አቅራቢው የምርመራ ማስረጃ ያቅርብ፣ ቆርቆሮው ታሽጎ ሳይት ላይ ይድረስ። የበርና የመስኮት ብረት የሚቀባበት ዘይት ቀለምም አይረሳ፤ ግድግዳው ተጣርቶ አጥሩና መወዛወዣው ቢቀር ልጁ የሚጨብጠው እነሱን ነው።

ይህ ጉዳይ በባሕር ማዶ ለሚኖሩም ቅርብ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በቤታቸው የልጆች መዋያ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን አሉ። በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እርሳስ ያለበት ቀለም የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ወይም ሕፃናት በሚውሉበት ሕንፃ ውስጥ ለክፍያ ቀለም የሚፍቅ፣ መስኮት የሚቀይር ወይም ግድግዳ የሚያፈርስ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት ልዩ የእርሳስ ሥራ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። በቅናሽ የሚሠራ የሰፈር ሰው ከመጥራት በፊት ያን ወረቀት ማየት ነው፤ በመፋቅ የሚነሣው አቧራ ከቆመው ቀለም ይልቅ አደገኛ ነው።

በኢትዮጵያም ብዙ ማቆያዎች ከመሠረቱ አይሠሩም፤ መኖሪያ ቪላ ወይም የቢሮ ፎቅ ታድሶ ነው የሚከፈተው። እድሳት ቀላል ሥራ ስለሚመስል ተቋራጩም በቀላሉ ይመረጣል። የሜክሲኮዋ ኤርሞሲዮ ከተማ ግን ሌላ ትላለች። እዚያ የነበረው የኤቢሲ ማቆያ የተከፈተው በቀድሞ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ዕቃና ሰነድ የሚያስቀምጥበት መጋዘን ጎረቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2009 ከሰዓት በኋላ፣ ልጆች በሚተኙበት ሰዓት፣ ከጎረቤቱ መጋዘን የተነሣ እሳት በጣሪያው በኩል ገባ። በጣሪያው ሥር የነበረው የፖሊዩሬቴን የሙቀት መከላከያ ተቀጣጥሎ መርዛማ ጭስ አወረደ። መውጫው አልበቃም፤ አንድ ወጣት ፒክአፕ መኪናውን ከግድግዳው ጋር እያጋጨ ቀዳዳ ከፈተ። 49 ሕፃናት ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ለማቆያዎች ሁሉ የሚሠራ አዲስ ሕግ አወጣች።

በዶሃ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 2012፣ በቪላጂዮ የገበያ ማዕከል በተነሣ እሳት በላይኛው ወለል ላይ የነበረ ማቆያ ተከበበ። ደረጃው ፈርሶ ነበርና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጣሪያ በኩል ለመግባት ተገደዱ። 13 ሕፃናት፣ 4 መምህራንና 2 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ።

ሁለቱ አደጋዎች ለእድሳት ተቋራጭ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ያሳያሉ። ኮርኒሱና በውስጡ የሚገባው የሙቀት መከላከያ ምንድነው፤ ሲነድስ ምን ያወጣል? ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መውጫ አለ? በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ያለ ቁልፍስ ከውስጥ ይከፈታል? የሌባ መከላከያ ብረት በመስኮቱ ላይ ከተበየደ የሚከፈት ክፍል ተትቶለታል? መራመድ የማይችሉ ሕፃናት ምድር ቤት ይሁኑ፤ ሞግዚቷ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ልጅ ይዛ ደረጃ መውረድ አትችልም። ለእነዚህ መልስ የሌለው ተቋራጭ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያንስ አይመረጥ።

ክፍያ ከሥራ ጋር ይሂድ። ተቆጣጣሪው ለክቶ ያጸደቀው ሥራ ብቻ ይከፈላል። ከየክፍያው ላይ በተለምዶ 5 በመቶ መያዣ ይቀነሳል፤ ተቋራጩ በሰዓቱ ካልተከፈለው ግን ባለቤቱ የመቆጣት መብቱን ራሱ ያሳንሳል። ክፍያ እያዘገየ ጥራት የሚጠይቅ ባለቤት ተቋራጩን ወደዚያው የሲሚንቶ ቅነሳ ይገፋዋል። ጨዋ ተቋራጮች አንድን ባለቤት የሚሸሹትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች በምድብ ሐ አስገብቶ ከሕንፃ ሹሙ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይገኝ አገልግሎት እንዳይጀመርባቸው ደንግጓል። ምረቃው ተቆርጦ እንግዳ ስለተጠራ ብቻ ይህን መዝለል አይገባም። በርክክቡ ቀን ከኮሚቴው ጋር ሁለት ሞግዚቶች ይገኙ። ቧንቧ ይክፈቱ፣ በር ይዝጉ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ከልጅ ዓይን ከፍታ ይመልከቱ፤ የወጣ ምስማር፣ የተሳለ የሴራሚክ ጠርዝ፣ ክዳኑ የላላ የፍሳሽ ጉድጓድ የሚገኘው እንደዚያ ነው። የተገኘው ሁሉ ተጽፎ፣ የሚጠናቀቅበት ቀን ተቆርጦ ይፈረምበታል።

የመጨረሻው ርክክብ ከዓመት በኋላ ነው፤ ሕንፃው አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካሳለፈ በኋላ። ጣሪያው፣ የግቢው ፍሳሽና የልስኑ ስንጥቅ ተመርምረው ነው ቀሪው መያዣ የሚለቀቀው። በዚያን ቀን ተቋራጩ እንደተሠራው የተስተካከለውን ሥዕል፣ የናሙና ውጤቶቹን፣ የቀለሙን ማስረጃና የተቆጣጣሪውን የዕለት መዝገብ በሁለት ቅጂ ያስረክብ። አንዱ በማቆያው፣ ሌላው በባለቤቱ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ የአንቀጽ 3039 10 ዓመት መቆጠር ጀምሯልና ኮሚቴው ቢቀየርም መዝገቡ መገኘት አለበት።